ባስቲያን ዳስቱግ ወደ ዳኞቹ የሄደበት ከሰዓት

ባስቲያንን ያወቅሁት አሥራ ስድስት ዓመቱ ሳለ ነው። አባቱ ፊርማን ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ኖጋሮ ላይ፣ ከመኪና ውድድሩ ሜዳ አጥር ጀርባ፣ በቆሎ ይዘራል፣ ዳክዬ ያረባል። ልጁ የሞተር ድምፅ እየሰማ አደገና በዘጠኝ ዓመቱ ካርቲንግ፣ የልጆቹን የትንንሽ መኪና ውድድር፣ ጀመረ። ፎርሙላ አራት የሚባለው የወጣት ጀማሪዎች ውድድር በገባ በዓመቱ ከመላው ፈረንሳይ ሁለተኛ ሲወጣ፣ የቡድናችን ባለቤት ማዳም ኦዲል ወደ እኛ አመጡት። መካኒኩ እኔ ነበርኩ። ስሜ ሬሞን ነው፤ እሱ ግን «ሽማግሌው» ነበር የሚለኝ።

ዝምተኛ ነበር። ሌሎቹ ሲሸነፉ መኪናውን ይወቅሳሉ፤ እሱ የቱ መታጠፊያ ላይ ራሱ እንደሰነፈ ይነግረኛል። መካኒክ ከዚህ የተሻለ ነጂ አይመኝም።

ከእኛ ጋር በሁለተኛው ዓመቱ ዋንጫው በመጨረሻው ውድድር የሚለይ ሆነ፤ ውድድሩም እዚያው ኖጋሮ ነበር። ኤርዋን የሚባል፣ ከምዕራብ ፈረንሳይ ከብሬታኝ የመጣ ልጅ በሁለት ነጥብ ይመራዋል። አሥራ አንደኛው ዙር ላይ አንድ መታጠፊያ ውስጥ ጎማ ለጎማ ተነካኩ። ኤርዋን አሸዋ ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ ባስቲያን ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ዋንጫው የእሱ ሆነ ማለት ነው። ዳኞቹም የውድድሩን ፊልም አይተው ጥፋቱ የኤርዋን ነው አሉ። ፊርማን በዚያ ዕድሜው አጥር ዘሎ መጥቶ አቀፈኝ።

ባስቲያን ግን አልነበረም። ፈልጌ ፈልጌ ጭነት መኪናችን ውስጥ፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ሽማግሌው፣ ፍሬኑን ዘግይቼ ነው የያዝኩት» አለኝ። «እሱ ቦታ ትቶልኝ ነበር።»

«ዳኞቹ አይተው ወስነዋል። አንተ አልዋሸህም፤ የጠየቀህም የለም።»

«ስላልጠየቁኝ ነው የምሄደው።»

ማዳም ኦዲል ቢያንስ እስከ ነገ እንዲያስብበት ለመኑት። እሱ ግን ብቻውን ወደ ዳኞቹ ክፍል ሄደ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲወጣ ውጤቱ ተሰርዞ ነበር፤ ዋንጫው ለኤርዋን ሆነ። ኤርዋን መጥቶ ፊቱ ቆመና «ጅል ነህ እኮ» ብሎ እጁን ጨበጠው። ማዳም ኦዲል ሳምንቱን ሙሉ ስለ ጎማ ካልሆነ በቀር አላነጋገሩትም። አባቱ ምን ይል ይሆን ብለን ሁላችንም ፈርተን ነበር። ፊርማን ልጁን አየት አደረገው።

«ዳክዬዎቹ ሁለተኛ መውጣትህን አያውቁም» አለው። «ና፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ እንብላ።»

ከእኛ ደረጃ ከፍ ካለው ከፎርሙላ ሦስት አንድ ቡድን ሻምፒዮኑን እወስዳለሁ ብሎ ነበርና ኤርዋንን ወሰደ። ባስቲያን ክረምቱን ዳክዬ ሲመግብ ከረመ። በጸደይ አንድ ትንሽ የጣሊያን ቡድን ነጂው እጁን ሲሰበር ጠራው። አንድ ዓመት ተኩል ነዳ። ትልቁ ውጤቱ ቤልጂየም ውስጥ፣ ስፓ በሚባለው ሜዳ ላይ፣ በዝናብ፣ ከሃያ ሁለተኛ ተነስቶ ስድስተኛ የገባበት ነው። ከዚያ ቡድኑ ፈረሰ፤ ሌላ የጠራው አልነበረም። ሃያ ዓመቱ ነበር። ቡድኑን ሊሰናበት ሲሄድ አብሬው ሄጄ ነበር፤ ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት ከመኪናው ጎን ሲልጥ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ አይቻለሁ፤ እኔም ሥራ እንዳለው ሰው ጎንበስ አልኩ።

ዛሬ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ኖጋሮ ሜዳ ላይ ጀማሪዎችን ያስተምራል። ተማሪዎቹ ሙገሳ ይነፍገናል ብለው ያሙታል። ኤርዋንም ከፎርሙላ ሦስት በላይ አልዘለቀም፤ ብሬታኝ ውስጥ ትራክተር ይሸጣል፤ አልፎ አልፎ ይደዋወላሉ።

ባለፈው መስከረም ስለዚያ ከሰዓት ይቆጨው እንደሆነ ጠየቅሁት። ስለ ስፓ ያወራልኝ ጀመር።

«ምንም አይታየኝም ነበር እኮ፣ ሽማግሌው» አለኝ። «ከፊቴ ያለው መኪና የት እንዳለ የማውቀው በድምፁ ነው። ስድስተኛ ነው የወጣሁት፤ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።»