ወፍጮው ያልበላው ጆሮ

ሙላው ሲያስነጥስ ኩርሙክ ድንበር ላይ ያሉ አህዮች ጆሯቸውን ያቆማሉ። ማጋነን የመሰለው ሰው አሶሳ ወርዶ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ሻይ የሚያፈላውን ዐብዱልቃድርን ይጠይቅ። "ወላሂ፣ ሙላው ሲያስነጥስ ሰው ይቀመጣል፣ ብርጭቆ ይሄዳል!" ይላል።

ሙላው በደርግ ጊዜ ከወሎ ከመጡት ሰፋሪዎች ጋር፣ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የገባ ሰው ነው። ዛሬ ወፍጮ ፈጪ ነው። ዱቄት ለብሶ ስለሚውል ቅንድቡ ከእሱ ቀድሞ አርጅቷል። ጆሮውም ቅንድቡን ተከትሏል። ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ በጩኸት ነው የሚያወራው፤ ለሚስቱ ለየሺሀረግ በምስጢር የነገራት ነገር በዚያው ቀን ባምባሲ ይደርሳል።

የሰፈሩ ሰው ለማስነጠሱም ለጆሮውም አንድ ምርመራ ነበረው፤ "ሳይነስ ነው።" ሳይነስ የማያደርገው ነገር የለም፤ ራስ ቢያምም ሳይነስ፣ ትዳር ቢፈርስም ሳይነስ። አንዱ ዳማከሴ አሽትት አለው። ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት የፈላበት ዘይት ጆሮህ ውስጥ ጨምር አለችው፤ ሙላው ሳምንቱን ሙሉ እንደ ወጥ ሸተተ እንጂ ጆሮው አልተከፈተም። በመጨረሻ ፍርዱን ራሱ ሰጠ። "ዱቄቱ አፍንጫዬን፣ ጩኸቱ ጆሮዬን በላ። ጥፋቱ የወፍጮው ነው።"

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። ከዚያ ልጁ ሐኒ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ማስነጠስ ጀመረች።

ቤታቸውን ከወፍጮው የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ዱቄቱ ትራሷ ላይ ሳይቀር ያርፋል። ቆየት ብሎ ደግሞ ከኋላዋ ሲጠሯት አንዳንዴ ዞር አትልም። ሙላው ይህን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። የየሺሀረግ እህት ሠናይት፣ መንጌ ወረዳ ውስጥ አስተማሪ ናት፤ ልጅቱን እሷ ዘንድ ሊልካት ቆረጠ።

"ሕፃን ናት እኮ፣ አንተ ሰው!" አለች የሺሀረግ።

"ለዚያ ነው እንጂ! ጆሮዋ ሳያልቅ ትሂድ! የኔን በልቷል፣ የሷን አይበላም!"

ያን ጊዜ እሱ ገና በመጠኑ ይሰማ ነበር። ሐኒ ከሚኒባሱ መስኮት "አባዬ! አባዬ!" እያለች ስታለቅስ ሰምቷል። ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነና ወደ ሞተሩ ተመለሰ።

መንጌ በገባች በወሩ ማስነጠሷ ቆመ። ሙላው በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ፤ ሻይ ቤቱን ሙሉ ጋበዘ፤ "አላልኳችሁም?" ያላለው መንገደኛ የለም። ከዚያ ወዲህ የልጁን ጤና በማስነጠስ ብቻ ይለካው ጀመር። በስልክ ድምጿን መለየት ሲያቅተው የሺሀረግን ይጠይቃል።

"አስነጠሰች?"

"አላስነጠሰችም!"

"ተመስገን!"

ለበዓል ስትመጣ እንኳ ዱቄቱና ጩኸቱ እንዳያገኟት ዘመድ ቤት አሳድሮ ቶሎ ይመልሳታል። ዓመታቱ በዚህ አለፉ። የእሱ ጆሮ በየዓመቱ እየጠበበ ሄዶ የሰው አፍ ላይ አፍጥጦ የሚገምት ሆነ።

ሠናይት ትደውላለች። "የሺ፣ ይህቺ ልጅ ፊቴን ካላየች አትመልስልኝም።" የሺሀረግ ይህንኑ ለባሏ ትጮኽለታለች።

"ታስነጥሳለች?" ይላል።

"አታስነጥስም፣ ግን..."

"እንግዲያው ደህና ናት! አስተማሪ የሚያዳምጥ ተማሪ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ዘንድሮ የጆሮ ባለሙያዎች ለጥቂት ቀናት አሶሳ መጡ። ሠናይት ማንንም ሳታስፈቅድ ሐኒን ይዛ ከተፍ አለች። ልጅቱ ትከሻውን አልፋለች። ሙላው አልተቆጣም፤ እንዲያውም ላገኘው ሁሉ "ይኸው፣ ከወፍጮ የዳነ ጆሮ እዩ!" እያለ ከየሺሀረግ ጋር አብሯቸው ሄደ።

መርማሪው ሰራዊት የሚባል ወጣት ነው። ለሐኒ ማዳመጫ አጠለቀላትና "ጢጥ ሲልሽ እጅሽን አንሺ" አላት። ሙላው በሩ አጠገብ ቆሞ ያያል። ይህን ለመከታተል ጆሮ አያስፈልግም። ሰራዊት ቁልፉን ይጫናል፣ ሐኒ እጇን ታነሳለች። ይጫናል፣ ታነሳለች። ይጫናል፤ እጇ ጉልበቷ ላይ ነው። ደግሞ ይጫናል። ሐኒ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች።

ሙላው በሩ ላይ ሆኖ የራሱን እጅ አነሳላት።

"አባት፣ እባክዎ እጅዎን ያውርዱ" አለው ሰራዊት። አልሰማም። የሺሀረግ ሄዳ እጁን አወረደችው።

ውጤቱን የሺሀረግ እየጮኸች ስታስተላልፍለት ኮሪደሩ ሙሉ ይሰማል። ማስነጠሱ የዱቄት አለርጂ ነው፤ ለእሱ ጭምብል፣ ለእሷ ዱቄት የማይገባበት መኝታ ቢኖር ብዙ ይቀል ነበር። ጆሮዋ ግን ከዱቄቱም ከጩኸቱም አይደለም፤ በዘር የሚወርድ ነው። የእሱንም ቢሆን ወፍጮው አባባሰው እንጂ አልጀመረውም።

"ከቤተሰብዎ ሌላ የማይሰማ ሰው ነበር?" አለ ሰራዊት፤ የሺሀረግ ጥያቄውን ጮኻ ደገመችለት።

ሙላው ብዙ አሰበ። እናቱን በሰፈራው መንደር "ኩራተኛዋ" ይሏት ነበር፤ ሰላም ሲሏት አትመልስማ። ጎረቤቱ እንዳኮረፋት ነው የሞተችው።

"እናቴ" አለ።

ሰራዊት ማዳመጫ መሣሪያ እንደሚያግዛት፣ ክፍል ውስጥ ፊት መቀመጥ እንዳለባት፣ ሁልጊዜም ፊት ለፊት ሆነው እንዲያናግሯት ነገራቸው። ሙላው አንድ ጥያቄ ነበረው።

"እኔ ዘንድ ብትቀመጥ ኖሮስ?"

ሰራዊት ሊያጽናናው ፈለገ። ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ፣ ቃሉን አፉ ላይ አጉልቶ፣ "ያው ነበር" አለው። "በእርስዎ ጥፋት የመጣ አይደለም።"

የሺሀረግ ልትጮኽለት አፏን ከፈተች። ሙላው ክንዷን ያዝ አደረጋት። ገብቶት ነበር።

ባጃጅ ተሳፍረው ወደ ቤት ሄዱ። ሐኒ መሀል ተቀምጣ ውጭ ውጭውን እያየች ታወራለች፣ ትስቃለች። ሙላው አፏን ያያል።

"የሺ" አለ። "ድምጿ ምን ዓይነት ነው?"

"ምን?"

"ድምጿ። የአሁኑ።"

"ቀጭን ነው!" ብላ ጮኸች የሺሀረግ። "ስትስቅ ይሰነጠቃል! የመንጌ ልጆች ዜማ ገብቶበታል፣ መጨረሻውን ትስበዋለች!"

ባጃጅ ነጂው ሰማ። ማንጎ ሻጮቹ ሰሙ። ማዶ ያለው መስጊድ ደጃፍ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ዞር አሉ። ሐኒ ወደ ውጭ እያየች ነበርና አልሰማችም።

ሙላው ግማሹ ደርሶታል። "እስቲ እንደገና በይኝ" አለ።

የሺሀረግ እንደገና ጀመረች። "ቀጭን ነው" ከሚለው ማለፍ ግን አልቻለችም።