ራሷን ጠየቅካት?

በጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ከኋላቸው «መቀሱ» እንላቸው ነበር፤ ፊት ለፊት ግን ጋሼ። ዋና አዘጋጃችን ነበሩ። ለፍተን ያመጣነውን ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ ይቆራርጡትና ከዳሩ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጽፋሉ፦ «ራሱን ጠየቅከው?» ሌባም ይሁን ሹም፣ ወሬው የተጻፈበት ሰው ሳይጠየቅና ጽሑፉ በስልክ ሳይነበብለት አይታተምም። አንድ ጊዜ አንዱ ዘጋቢ ቤቷ የፈረሰባትን ሴት «በጥልቅ ሐዘን ላይ ትገኛለች» ብሎ ጻፈ። አስደወሉት። ሴትዮዋ ለካ አላዘነችም፤ በንዴት ጦፋለች፣ ግንበኛውን ልትከስ ጠበቃ ይዛለች። ዘጋቢው ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

እኔ አራሚያቸው ነበርኩ። ጋዜጣው ሲዘጋ ጋሼ ቤት ዋሉ። በቃ፣ ሥራ መፍታቱ ሊገድላቸው ነው ስንል፣ ለካ ልብ ወለድ እየጻፉ ኖሯል። ዓመታት ፈጀባቸው። የሰው ጽሑፍ ሲቆርጡ የኖሩ ሰውዬ የራሳቸው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ታሰረ፤ እኔ አንድ ቃል ልቀንስ ብል ያኮርፋሉ።

ታሪኩ የታላቅ እህታቸው ነው። እናት አባት ሲሞቱባቸው ያሳደገቻቸው ይህች ልብስ ሰፊ እህታቸው ናት። ለትንሽ ወንድሟ ስትል የመጣላትን ባል መለሰች ይባላል፤ ይህም ጋሼን ዕድሜ ልካቸውን ሲከብዳቸው ኖሯል። በልብ ወለዱ ውስጥ ልጅቷ ማታ ማታ መስኮት ላይ ቆማ፣ የሄደውን ሰው እያሰበች ታለቅሳለች።

መጽሐፉ ማተሚያ ቤት በሚገባበት ቀን ጠዋት ደወሉልኝ።

«ተነሺ፣ እትዬ ቤት እንሂድ። ሳትሰማው አይታተምም።»

«ዛሬ? አሳታሚው እስከ ምሳ ሰዓት እሺታዎን ካልሰጡኝ ተራዎን ለሌላ እሰጣለሁ ብሎ የለም እንዴ? እትዬ እምቢ ቢሉስ?»

«እምቢ ካለችማ ቀረ።»

 ያ ሁሉ ልፋት በአንዲት ሴት አፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

እህትየው የስፌት መኪናቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ ሜትር አንገታቸው ላይ ጥለው፣ የዩኒፎርም ኮሌታ በእጅ ይሰፋሉ። ጋሼ ወረቀቱን አወጡ፤ መልሰው ለእኔ ሰጡኝ። «እኔ አልችልም፤ አንቺ አንብቢላት» አሉና ጀርባቸውን ሰጡን። ሹምን በስልክ የሚያፋጥጡት ሰውዬ!

አነበብኩ። መርፌው ይሄዳል፣ ይመለሳል። መስኮቱ ጋ፣ ልቅሶው ጋ ስደርስ ቆመ። በዚያው ቅጽበት የጋሼ ስልክ ጮኸ፤ አሳታሚው ነው። አላነሱም። እኔ ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።

«ማናት ይቺ አልቃሻ?» አሉ እህትየው።

ጋሼ ዞሩ። «አንቺ ነሻ፣ እትዬ።»

«እኔ? ሥራዬን ትቼ መስኮት ላይ?»

«ስምሽን አላነሳሁም። ካስከፋሽ ግን…»

«ያንን ሰውዬ መች ወደድኩትና ነው የማለቅስለት?» ኮሌታውን ጭናቸው ላይ ጣሉት። «ዘመድ ተሰብስቦ ካላገባሽ ብሎ መግቢያ መውጫ ሲያሳጣኝ፣ ‹ይህን ልጅ ለማን ጥዬ?› አልኳቸው። ተዉኝ። አንተ ባትኖር ምን ብዬ እምቢ እል ነበር? ሠርቼ፣ የቤቴን ቁልፍ በእጄ ይዤ የኖርኩት በአንተ ሰበብ ነው። አሁን ደግሞ አንተው በስተርጅና ልትድረኝ ነው?»

ጋሼ ወንበር በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅከኝ?»

ያ ዘጋቢ ይህን በሰማ! ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ የጋሼን ፊት ሳይ ግን እንባዬ ቀደመኝ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አሁን አነሱት። «አዎ፣ እኔ ነኝ። አቁመው… አውቃለሁ። ተራዬን ለሌላ ስጥ።»

«አብደሃል እንዴ!» እህትየው ብድግ አሉ። «ያን ሁሉ ዓመት የለፋህበትን! አይታተም መች አልኩ? ልብ ወለድ አይደል?»

«ልብ ወለድ ነው። ግን የሚያውቅሽ ሁሉ አንቺን ነው የሚያነበው።»

ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። ከደረት ኪሳቸው ቀዩን እስክሪብቶ አወጡና ከላይ እስከ ታች ሰረዙት፤ ቀጥሎ ገጹን ገለበጡት። እንደ ጀማሪ ዘጋቢ እስክሪብቶውን ደግነው፣ «እትዬ፣ ሰውየው ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አሉ።

እህትየው ትክ ብለው አዩዋቸው። «አንተ፣ ‹ኑሮዋን ያበላሸሁት እኔ ነኝ› እያልክ ነው እንዴ እዚህ የደረስከው?»

ጋሼ አንገታቸውን ደፉ።

«ሞኝ» አሉ እህትየው፣ የጋሼን ሽበት በእጃቸው እየዳበሱ። «ያዳንከኝ እኮ አንተ ነህ። በል አሁን ጻፍ። ሰውየው መልከ መልካም ነበር።»