ሁሉም በጠጠሩ ተሳበበ

አባቴ ሞጣ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። የኩላሊት ጠጠር እኔ ልጅ ሳለሁም ነበረባቸው። ሲነሳባቸው ከጣቃዎቹ ጀርባ ተቀምጠው ግራ ጎናቸውን በመዳፋቸው ይጫናሉ፤ ላባቸው ይንቆረቆራል። ደንበኛ ከመጣ እናቴ ታስተናግዳለች። ሲተዋቸው ተነስተው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ለምደነው ነበር።

አግብቼ ቢቸና ከገባሁ በኋላ አንድ ጊዜ ሊጠይቁኝ መጥተው ሰነበቱ። አንድ ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት ሲወጡ ፊታቸው ልክ አልነበረም።

«ምነው አባ?»

«ሽንቴ ደም ሆኗል። ጠጠሩ ሲወርድ ቧጭሮኝ ይሆናል።»

«ጎንዎን አመመዎት?»

«አይ፣ አሁንስ ምንም አላመመኝም።»

የከነከነኝ ይኼ ነው። ጠጠሩ ሲነሳ መላወሻ ያሳጣቸው ነበር። ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ። ባለሙያው ከዚህ በፊት የሚያውቁት ሕመም እንዳለ ሲጠይቃቸው «የኩላሊት ጠጠር» አሉ፣ እንደ ቤታቸው አድራሻ ፈጠን ብለው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ጥያቄ አልመጣም። ሽንታቸው ተመረመረ፤ ኪኒን ታዘዘላቸው፤ ውኃ በብዛት ይጠጡ ተባሉ።

ሞጣ ሲመለሱ ደሙ ቆመ። ቆይቶ ደግሞ መጣ። አንድ ክሊኒክ አልትራሳውንድ ሲታዩ ግራ ኩላሊታቸው ላይ ጠጠር ተገኘ፤ በዚያው ሸኟቸው። በደወልኩ ቁጥር «ሕመም የሌለው ደም ደግ አይደለም፣ ባሕር ዳር እንሂድ» እላቸዋለሁ።

«ስንት ዘመን የኖርኩበትን በሽታ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» ይሉኛል።

ወንድሞቼም ነገር አታካብጂ አሉኝ። አንድ ጊዜ በስንት ልመና እሺ ሲሉ ደግሞ መንገዱ ተዘጋ። እስኪከፈት ድረስ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን የተናደድኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው።

ለዒድ ሞጣ ስሄድ ሱሪያቸው ወገባቸው ላይ ተሸብሽቦ በቀበቶ ታስሯል። መከራከሩን ተውኩት። «አብረን ካልሄድን ቢቸና አልመለስም» ብዬ እቤታቸው ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ሄድን።

ባሕር ዳር ሲቲ ስካን ተነሱ። ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረው።

«ጠጠሩ ይኸውላችሁ፣ ግራው ላይ። ደሙ ግን ከሱ የመጣ አይመስለኝም። ቀኙ ኩላሊት ላይ ዕጢ አለ።»

እኔ ነኝ የጠየቅሁት። «ጠጠሩ ነው ወደ ካንሰር የተቀየረው?»

«ጠጠር ካንሰር አይሆንም» አለኝ። «ጠጠር ያለባቸው ሰዎች ላይ የኩላሊት ካንሰር ትንሽ በዛ ይላል የሚሉ ጥናቶች አሉ። የአባትሽ ግን በምን እንደመጣ ልነግርሽ አልችልም። ደም ሲታይ ጠጠር ነው ተብሎ መታለፉ ነው ሕክምናውን ያዘገየው።»

ቁርጥ ያለ መልስ ፈልጌ ነበር። ጠጠሩ ነው ቢለኝ የምጠላው ነገር አገኝ ነበር። አይደለም ቢለኝም ይቀለኝ ነበር።

ቀኙ ኩላሊት በቀዶ ጥገና ወጣ። ዕጢው ወደ ሌላ ቦታ አልተሰራጨም ተባልን፤ አልሐምዱሊላህ። አባቴ አገግመው ሱቃቸው ገቡ። እኔ ግን እርር ማለቴ አልቀረም። ሊጠይቃቸው የሚመጣው ሁሉ «ጠጠሩ ነው አሉ ካንሰር የሆነባቸው» ይላል፤ እሳቸውም አያርሙትም። ጠጠር ያለባቸው ጎረቤታችን ይኼን ሰምተው ከፍርሃት ብዛት ምርመራ እርም አሉ።

በቀደም ክትትላቸው መድረሱን ላስታውሳቸው ደወልኩ።

«አላመመኝም እኮ» አሉኝ።

«ያኔም አላመመዎትም ነበር፣ አባ።»

ደንበኛ መጣብኝ ብለው ስልኩን ለእናቴ ሰጧት።