በሰሊጥ አጨዳ ሳምንት የተቀመጠ ሽምግልና

ሽማግሌዎቹ ደግመን መቼ እንቀመጥ ሲሉኝ፣ ሰሊጥ በሚታጨድበት ሳምንት አልኳቸው። የባሌን አጎት ገረማቸው። "ልጄ፣ በዚያ ሳምንት እንኳን ለሽምግልና ለቀብርም ሰው አይገኝም" አሉኝ። አውቄ ነበር የመረጥኩት። ኮኪት ላይ ከባሌ ጋር ሰሊጥ እያመረትን ኖረናል። ሰሊጥ ከደረሰ አይጠብቅም፤ ቅርፊቱ አፉን ይከፍትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። አጫጅም ዛሬ ካልያዙት ነገ የሌላ ሰው ነው።

በፍቺው ተስማምተናል። የቀረችው ልጃችን ነበረች፣ ስምንት ዓመቷ። እኔ ሸሕዲ ከተማ ቤት ተከራይቼ ሻይ እየሸጥኩ ላሳድጋት፣ እሱ ደግሞ እርሻው ላይ እናቱ ዘንድ ሊያስቀምጣት። ይወዳታል እንዳልል ስንተኛ ክፍል እንደሆነች አያውቅም። እኔ የፈለግሁትን ነገር ግን አይለቅም፤ ተፈጥሮው ነው። ከዚህ በፊት ሽማግሌ የተቀመጠው አጨዳ ሳይደርስ ነበርና፣ ሥራ ፈቶ ሽምግልናውን እንደ ድግስ ነው የተቀመጠበት። እግሩን ዘርግቶ ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ያወራል፣ በመጨረሻ "ልጄ ሻይ ቤት አታድግም" ብሎ ይነሣል።

ጥቅምት ላይ አጎቱ ግቢ ዳስ ሥር ተቀመጥን። ከእኔ ወገን የንስሐ አባቴ ነበሩ። ጸሎቱ ሳያልቅ የባሌ ስልክ ጮኸ፤ አጫጆቹ እርሻው ዳር ቆመው ይጠብቁታል። እኔ ያን ቀን ቀስ ብዬ አወራሁ። ከሠርጋችን ጀመርኩ። ውሃ ጠየቅሁ። አባን ይቅርታ ብዬ ከመሀል ደገምኩ። ስልኩ ይጮኻል፣ ያጠፋዋል። ላቡ በጆሮ ግንዱ ሲወርድ አየሁ፤ ደስም አላለኝ፣ አላሳዘነኝም።

በመጨረሻ አነሣው። "ሌላ ባለ እርሻ መኪና አምጥቶ እየጫናቸው ነው" የሚለውን ድምፅ ሁላችንም ሰማን። ብድግ አለ።

"ትውሰዳት። ሰሊጤ እየረገፈ ነው።"

አባ እጃቸውን አነሡ። "ተው ረጋ በል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።"

"አጎቴ ዋሴ ናቸው፣ አልመለስበትም። አንቱ ብቻ ያሰናብቱኝ፣ ልሂድ።"

አጎቱ ዋስ ሆኑ፣ እሱም ሞተር ብስክሌቱን አስነሥቶ ሄደ። በትዳራችን ያሸነፍኩት አንድ ነገር ይህ ነው። እልል ማለት ሲገባኝ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስሜ ወጣሁ።

ልጄን ከአያቷ ቤት ወስጄ በሚኒባስ ወደ ሸሕዲ ስንሄድ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። በግራም በቀኝም ሰው ሁሉ አጎንብሶ ያጭዳል።

"አባቴ ምን አለ?" አለችኝ።

ከእናቷ ጋር ትሁን አለ ብላት ይበቃ ነበር። ውሸት ለመፈለግ እንኳ ጉልበት አልነበረኝም። "ሰሊጡ እየረገፈበት፣ አጫጆቹም ሊሄዱበት ሆነ። ቸኮለና እሺ አለ" አልኳት።

የእርሻ ልጅ ናት፣ ገባት። 

"ታዲያ አጫጆቹን አገኛቸው?"

"ምን ያደርግልሻል?"

"እኔን የተወኝ ለእነሱ ብሎ አይደል።"

"አገኛቸው" አልኳት። አላውቅም ነበር፤ ልጠይቅም አላሰብኩም።

"እንኳንም አገኘ" አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።