ማድሎሞ ያለችበት ኮረብታ

ዛንዲሲሌ ጎረቤቴ ነው። ከተማችን ማካንዳ ውስጥ የሰው ግቢ ሲኮተኩትና ጽጌረዳ ሲገርዝ ነው ያረጀው። ከዚያ በፊት ግን በአንድ ነጭ ገበሬ እርሻ ላይ በግ ይጠብቅ ነበር። እዚያው ተወለደ፣ እዚያው አገባ፣ ሚስቱንም እዚያው ቀበረ። ስሟ ኖክዌዚ ነበር፤ እሱ ግን እንደኛ ደንብ በጎሳዋ ስም ማድሎሞ ይላታል። ሳንባ ነቀርሳ ነው የገደላት፣ ልጃቸው ያንዲስዋ ገና ስትድህ። መቃብሯ ላይ ኡማቦፌ ተከለ፤ ሰማያዊ አበባ የሚያወጣውን ቁጥቋጦ። ኋላ ለምን እሱን እንደመረጠ ስጠይቀው፣ «ውሃ የሚያጠጣት ሰው ባይኖርስ ብዬ» አለኝ።

እንደፈራውም ሆነ። እርሻው ተሸጠ። የገዙት ሰዎች በጎቹን አስወጥተው ለጎብኚ የሚታይ አንበሳና ዝሆን አስገቡበት፤ ዙሪያውንም ኤሌክትሪክ ባለው ሽቦ አጠሩት። የሠራተኞቹን ቤተሰቦች በጭነት መኪና አምጥተው እኛ ሰፈር አራገፏቸው። ዛንዲሲሌ ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ድረስ ሄዷል። ሁለቱንም ጊዜ ዘበኞቹ «ታታ፣ ውስጥ አውሬ ነው ያለው፤ ይመለሱ» ብለው መለሱት፤ ታታ በኛ አባት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ስሟን ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ እስከ ድርቁ።

ድርቁ በጠናበት ዓመት የቧንቧ ውሃ በሁለት ቀን አንዴ ነበር የሚመጣው። አትክልት ማጠጣት ተከለከለ። አሠሪው ሚሲስ ሃርት፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ጽጌረዳዎቿ ሲደርቁ ታይ ነበር።

«ዛንዲሲሌ፣ ያለ ውሃ የሚያብብ ነገር የለም?» አለችው አንድ ቀን።

«አለ።»

«ታዲያ እስከዛሬ ምነው ሳትነግረኝ?»

«እስከዛሬ ጽጌረዳ ነበራ የሚፈልጉት።»

«እሺ፣ የት ይገኛል?»

«የትም አለ። ጥሩው ግን ሚስቴ ላይ ነው ያለው።»

አሮጊቷ ያሾፈባት መሰላት። ፊቱን ስታይ ግን «ንገረኝ» አለችው። ያኔ ኮፍያውን አውልቆ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራት። አሥራ አምስት ዓመት ሲሠራላት ሚስት እንደነበረችው እንኳ አታውቅም ነበር። በዚያው ቀን ለአጥሩ ባለቤቶች ደብዳቤ ጻፈች። መልስ ሲጠፋ ደወለች፤ ደግማ ደወለች። በአራተኛው ሳምንት ፈቀዱ፦ ለአንድ ሰው፣ ለግማሽ ሰዓት፣ ከታጣቂ ጋር።

ከበሩ የተቀበለው ሉካንዮ የሚባል አስጎብኚ ነበር፤ ጠመንጃ ያነገተ፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው።

«ታታ፣ ከመኪናው እንዳይርቁ። ትናንት አንበሶቹ እዚህ ነበሩ።»

«እኔን ምን ያደርጉኛል? አጥንት ብቻ ነኝ።»

«አጥንትም ይወዳሉ፣ ታታ።»

ሳቁ። ኮረብታው ጋ ሲደርሱ ግን የዛንዲሲሌ ሳቅ ቆመ። የሠራተኞቹ ጎጆዎች የሉም። በጎቹን መድኃኒት የሚነክሩበት የሲሚንቶ ገንዳ ብቻ ተሰንጥቆ ቀርቷል። መቃብሯ ከገንዳው አርባ እርምጃ ወደ ትልቁ የሬት ዛፍ አቅጣጫ ነበር። ሬቱን ዝሆን ገንድሶታል፤ የት ጋ ቆሞ እንደነበር እንኳ አይታወቅም። ወዲህም ወዲያም አርባ እርምጃ ሄደ። የተከላት አንዲት ቁጥቋጦ ልጅ ወልዳ፣ የልጅ ልጅ አይታ፣ ኮረብታው በሙሉ ሰማያዊ ሆኗል። ቅርንጫፍ እየገለጠ ሥሩን አየ። ከሁሉም ሥር ድንጋይ አለ፤ የመቃብር ድንጋይ ይሁን የኮረብታው ድንጋይ፣ መለየት አልቻለም።

«የትኛው ነው፣ ታታ?» አለ ሉካንዮ።

«ጠፋችብኝ።»

ሉካንዮ ሬዲዮውን አጠፋና ፊቱን ወደ ጫካው አዞረ። ዛንዲሲሌ ከቁጥቋጦዎቹ መሐል ቆመ። ለአንዷ ስላልቻለ ለሁሉም ተናገረ፦ «ማድሎሞ፣ እኔ ነኝ። ስለዘገየሁ አትቆጪኝ፤ በር ላይ እየመለሱኝ ነው የቀረሁት። ያንዲስዋ ነርስ ሆናለች። አሳሳቋ ያንቺው ነው፤ ቤት ውስጥ ስትስቅ አንዳንዴ ተነስቼ እወጣለሁ።»

ግማሽ ሰዓቱ አለቀ፤ ሉካንዮ ግን ሰዓቱን አላየም። ዛንዲሲሌ በኪሱ ቢላ ከአምስት ቁጥቋጦ አምስት ቁራጭ ወሰደ።

ለሚሲስ ሃርት ይወስዳል ብዬ ስጠብቅ፣ አምስቱንም እቤቱ አጥር ሥር ተከላቸው። ያንዲስዋ ዕቃ ያጠበችበትን ውሃ እየቀማ መጀመሪያ ሰሞን አጠጣቸው።

«ታታ፣ ለሽንት ቤት ያስቀመጥኩት እኮ ነው!» ትላለች።

«ሽንት ቤቱ ይጠብቅ። እናትሽ መንገደኛ ናት፤ ደክሟታል።»

ልጅቱ ከዚያ በኋላ ራሷ ታመጣለት ጀመር። ሚሲስ ሃርት ስትጠይቀው፣ «ትንሽ ይታገሱኝ፤ ገና አልጠገብኳትም» አላት። ደብዳቤውን የጻፈችው እሷ ብትሆንም አልተቀየመችም። አምስቱም ጸደቁ፤ በሁለተኛው ዓመት ከራሳቸው ቆርጦ ጽጌረዳው በነበረበት ተከለላት።

እንደገና ለመግባት ያመለከተው ዘንድሮ ነው። እዚያ ያለው አለቃ ተቀይሯል ይላሉ፤ መልስ የለም። እሱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ኮቱን ለብሶ፣ ታክሲ ተሳፍሮ፣ መንገዱ አጥሩን የሚነካበት ቦታ ይወርዳል። አንድ ቀን አብሬው ሄድኩ። ከሽቦው ውጭ ቆሞ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ኮረብታውን አየ። ከዚያ ርቀት አበባ አይለይም፤ ግራጫ ነገር ብቻ ነው።

«ይታይሃል?» አልኩት።

«አይታየኝም» አለ። ታክሲው እስኪመለስ ግን ከዚያ አልተነቃነቀም።