አባቴ ደመወዝ ሲጠይቁ የዞሩበት ሰሞን

ቱሪዝም ልማር ነው ብዬ ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። የመኪና ጩኸት ስለበዛባት «እማ፣ ትሰሚኛለሽ?» አልኳት።

«እሰማለሁ። ምን ማለት ነው እሱ?»

«ስለ ጉብኝት ነው። ሰው አገር ላገር እየዞረ...»

«ለመዞርማ ምን ትምህርት ያስፈልጋል?» አለችኝ። «ስትዞር አይደል እንዴ ያደግኸው።»

እናቴ መርሳ ላይ፣ ዋናው መንገድ ዳር ፍራፍሬ ትሸጣለች። አባቴ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ትንሽ የማንጎና የሎሚ ማሳ አላቸው። እሳቸው ያለማሉ፣ እሷ ትሸጣለች፤ እኔና ታናሽ እህቴ ደግሞ በሁለቱ መካከል ዘንቢል እየተሸከምን ነው የተማርነው። አባቴ ቱሪዝም መግባቴን ሲሰሙ «አላህ ያውቃል» ብቻ ነው ያሉት። እሳቸው ይህን የሚሉት ነገሩ ሲበላሽ ነው።

እውነቱን ለመናገር ማንም አልገፋኝም። የአንደኛ ዓመት ውጤቴ አካውንቲንግ ያስገባኝ ነበር። የትምህርት ክፍል ምርጫ በምንሞላበት ሳምንት ግን አንድ የላሊበላ ልጅ፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ መኝታ ክፍላችን ገብቶ አልጋዬ ላይ ተቀመጠ። ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽሩን አያወልቅም። «አንድ ፈረንጅ ሦስት ቀን ታስጎበኘዋለህ፤ ሲሰናበትህ እጅህ ላይ የሚያስቀምጥልህ የመምህራችን የወር ደመወዝ ነው» አለን። እኔ የሰማሁት ዶላሩን ነው። እሱ የላሊበላ፣ እኔ የመርሳ ልጅ መሆናችን ትዝም አላለኝ። አንደኛ ምርጫ ላይ ቱሪዝም ብዬ ጻፍኩ።

ክፍሉ ውስጥ በአንደኛ ምርጫችን የገባነው ሦስት ብቻ ነበርን። የቀሩትን ውጤት ነው የጣላቸው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሦስታችንን ቢሮው ጠርቶ በደግነት «ስህተት ከሆነ አሁኑኑ ይስተካከላል» አለን። ስህተት አይደለም አልነው። በኩራት።

በየዓመቱ መጀመሪያ የወጪ መጋራት ውል ያስፈርሙናል፤ ኮስት ሼሪንግ ነው የምንለው። የበላህበትን፣ የተኛህበትንና የተማርክበትን ከፊሉን ተመርቀህ ሥራ ስትይዝ ትከፍላለህ ማለት ነው። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ማንም አያነበውም፤ ሁሉም ፈርሞ ወደ ምሳ ይሮጣል። እንግዲህ ዕዳ ውስጥ የገባነው ሽሮው ሳያልቅብን እንድረስ ብለን ስንጣደፍ ነው። ዕዳውም በከፊል የዚያው ሽሮ ዋጋ ነበር።

በተማርኩበት ጊዜ ሁሉ አንድም ቱሪስት በቅርብ አላየሁም። የተግባር ትምህርት ሲደርስ አንዳችን አስጎብኚ፣ የቀረነው ፈረንጅ እንሆናለን። እኔ ሦስት ጊዜ ጀርመናዊ ሆኛለሁ። አንድ ጊዜ እንዲያውም በጉብኝቱ አልረካሁም ብዬ ገንዘቤ ይመለስልኝ ስላልኩ ጥሩ ማርክ አግኝቻለሁ።

ስንመረቅ ያ ዓለምን የዘጋው በሽታ መጣና አውሮፕላኑ ቆመ። በሽታው ፋታ ሲሰጥ ጦርነቱ መጣ። እሱን እዚህ አልዘረዝረውም፤ እኛ አካባቢ ያልተነካ ቤት የለም፤ የእኔ ዲግሪ ከዚያ ጋር ሲተያይ የሚወራም አይደለም። ብቻ መንገዱ ተከፍቶ መኪና መመላለስ ሲጀምር እኔ መርሳ ላይ፣ ከእናቴ ፓፓያ ጎን ተቀምጬ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቤት ልብስ ሳጥብ እናቴ ደወለች። «ቶሎ ና፣ ፈረንጅ መጣልህ» አለችኝ። እጄን ሱሪዬ ላይ ጠራርጌ፣ ለምርቃቴ የተገዛውን ሸሚዝ ለብሼ ሮጥኩ። እውነትም አንድ ፀጉሩ የሸበተ ነጭ ሰውዬ ፓፓያ እያገላበጠ ያያል። አጠገቡ ቆሜ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ በተማርኩት እንግሊዝኛ ስለ ወሎ መልክዓ ምድር፣ ስለ ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይነት፣ ስለ ወረዳችን ስለ ሐብሩ ፍራፍሬ አንበለበልኩት። ሰውዬው እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቀኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ በጠራ አማርኛ «እናት፣ ስንት ነው ፓፓያው?» አላት።

ዋጋውን ነገረችው።

«ኧረ ተይ። ትናንት ግራና ላይ በግማሹ ነው የገዛሁት።»

«የግራናው ምኑ ይበላል? ውኃ ነው እኮ» አለችው እናቴ።

ሁለቱ ሲከራከሩ እኔ መሃል ቆሜ ቀረሁ። ለካ ሰውዬው የመንገድ ሥራ ባለሙያ ነው፤ አገራችን ውስጥ የኖረበት ዘመን ከእኔ ዕድሜ ብዙም አያንስም። ተስማምተው ሒሳቡን ከከፈለ በኋላ «አንተ ምን ተምረህ ነው?» አለኝ።

«ቱሪዝም።»

ትንሽ አየኝና ትከሻዬን ነካ አድርጎ «አብሽር» አለኝ። አይዞህ ማለቱ ነው፣ በእኛው በወሎ አነጋገር። መኪናው ከሄደ በኋላ እናቴ «ደህና ሰው ነው» አለች፤ ቀጥላም «ግን አላስጎበኘኸውም» አለችኝ።

በሳምንቱ ሥራ ፍለጋ ወልድያ ወጣሁ። የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ያላነበበ ሰው «ወይም ተመሳሳይ የትምህርት መስክ» የምትለዋን ሐረግ ጣፋጭነቷን አያውቅም። እኔ በዚያች ሐረግ ተማምኜ ለሒሳብ ሠራተኛነት፣ ለንብረት ክፍል፣ አንዴም ለከተማ ፕላን ተመዝግቤያለሁ። የከተማ ፕላኑ መዝጋቢ ማስረጃዬን አገላብጦ «ተመሳሳይነቱ ምኑ ላይ ነው?» አለኝ። «ከተማ ነው የሚጎበኘው» አልኩት። ማስረጃዬን በሁለት እጁ መለሰልኝ።

በመጨረሻ ወልድያ ውስጥ አንድ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት ቀጠረኝ። እንግዶቹ ነጋዴ፣ ሾፌርና የስብሰባ ሰው ናቸው። ማንም ጎብኚ አይደለም፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ ውኃ አለ ወይ ብሎ ነው። ደመወዝ የምንቀበለው አንድ ወረቀት ላይ ተራ በተራ እየፈረምን ስለሆነ የሁሉም ሰው ገንዘብ ይታያል። የመጀመሪያው ወር ላይ ከስሜ በላይ ያለውን መስመር ሳይ የወጥ ቤቷ ኃላፊ ደመወዝ የእኔ እጥፍ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ ድምፅዋ ግቢውን የሚሞላ ሴት ናት። ዓይኔ የት እንዳረፈ አየች።

«ስንት ዓመት ተማርክ አንተ?» አለችኝ።

«ዩኒቨርሲቲ? አራት።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ሆቴልና ስለ ቱሪዝም።»

«እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሆቴል ውስጥ ነኝ» አለች። «እስካሁን የሚጻፍ ነገር አላየሁበትም።»

ልትሰድበኝ አልነበረም፤ የምሯን ገርሟት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዬ ላይ አንድ ቁራጭ ሥጋ ትጨምርልኝ ጀመር። የደመወዝ ጭማሪ የምለው እሱን ነው።

በዚያው ዓመት ዋናውን ዲግሪዬን ለማውጣት ፈለግሁ። የተሰጠኝ ጊዜያዊው ነው፤ ዋናው ኮስት ሼሪንጉ ካልተከፈለ አይሰጥም። ግብር ወደሚከፈልበት ቢሮ ሄጄ ጉዳዬን ስናገር ጸሐፊዋ ግራ ገባት። «መሥሪያ ቤትህ ነው እኮ ከደመወዝህ እየቆረጠ የሚያስገባልን» አለችኝ።

«የእኔ አይቆርጥም።»

«ታዲያ አንተ ራስህ፣ በፈቃድህ፣ ልትከፍል መጣህ?»

አዎ አልኳት። ተነሥታ የጎን ቢሮውን በር ከፈተችና «ና እስቲ እየው» አለች። አንድ ሰውዬ ብቅ ብሎ አየኝ፤ ሰላም አለኝ፤ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ባገኘሁ ጊዜ ሁሉ ትንሽ ትንሽ እከፍላለሁ። ስከፍል ያ ሽሮ ይሸተኛል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ታናሽ እህቴ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨረሰች። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት፤ ውጤቷ ብዙ በር ይከፍት ነበር። ምርጫዋን ከመሙላቷ በፊት ለዕረፍት መርሳ መጣች። በእኔ የተቃጠሉት አባቴ በዚህኛው ዙር ዝም ብለው ሊቀመጡ አልፈለጉም። ነጠላ ጫማቸውን አድርገው፣ ከመስጊድ መልስ፣ የሰው ደመወዝ መጠየቅ ጀመሩ።

እንዴት እንደሚጠይቁ ያየሁት ቅዳሜ ቤት ስመጣ ነው። የባንክ ሠራተኛውን ጎረቤታችንን መንገድ ላይ አቁመው፣ ሰላምታውን ከነቤተሰቡ ከጨረሱ በኋላ፣ ልክ የበሬ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው «ለመሆኑ ስንት ያወጣል የናንተ ሥራ?» ይሉታል። ነርሷን ጠየቁ፤ መምህሩን ጠየቁ፤ ዳኛውን ሳይቀር ጠየቁ። ዳኛው አክብሯቸው መለሰላቸው አሉ። አንድ ሳምንት ዞረው ማታ እራት ላይ ውጤቱን ሊያሳውቁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ባንክ ይሻላል» አሉ። «ነርስም ደህና ነው። መምህርነት ይቅር፤ ሰውዬው ራሱ ይቅርባት ብሎኛል።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ስንት ነው የሚሰጡህ?»

ነገርኳቸው። እንጀራቸውን ጠቅልለው ጎረሱ።

እህቴ ነች የመለሰችላቸው። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የጠየቁት እኮ ሥራ ያላቸውን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ሥራ የሌለውን ደመወዙን ልጠይቀው?»

«ደመወዙን አይደለም። ምን ተምሮ እንደተቀመጠ ነው።»

አባቴ ወደ እንጀራቸው ተመለሱ። እሷ ግን ከምሯ ነበር። በማግሥቱ ደብተር ይዛ ከእኔ ጋር ወልድያ መጣች። ማስታወቂያ ሰሌዳው አጠገብ ሥራ አጥ ምሩቅ የሚያዘወትራት ሻይ ቤት አለች፤ አንድ ሻይ ይዞ ግማሽ ቀን መቀመጥ ይቻላል። እህቴ ሦስት ቀን እዚያ ተቀምጣ የገባውን ሁሉ ምን እንደተማረ፣ መቼ እንደተመረቀ እየጠየቀች ጻፈች። ሰው ይቆጣታል ብዬ ፈርቼ ነበር። ማንም አልተቆጣም፤ እንዲያውም ሰው ከጠየቃቸው ስለቆየ በዝርዝር ነበር የሚነግሯት። አንድ የሕግ ምሩቅ ብቻ ለሌላ ዓላማ እንዳታውለው ቃል አስገባት፤ ከዚያ እሱም ከሁሉም አብልጦ አወራ።

ማታ ደብተሩን አሳየችኝ። ሲቪል ኢንጂነር አለ። ነርስ አለ፤ አባቴ ደህና ነው ያሉት ነርስ። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ኮምፒውተር አለ። አካውንቲንግ አራት ሰው ነው። አላህ ይቅር ይበለኝና ይህን ሳነብ ሆዴ ውስጥ ደስታ ተሰማኝ።

«የእንስሳት ሐኪም የለም» አለችኝ።

«አንድም?»

«አንድ ነበር። ግን ሻዩን ቆሞ ነው የጠጣው።»

ስልኩ አላስቀምጥ ብሎት ነው። ከኋላው ሮጣ ሞተር ሳይክሉ ላይ ሲወጣ ደርሳበታለች። ስለ ደመወዙ ስትጠይቀው «ከመንግሥት የማገኘው ያው እንደማንም ነው» ብሏታል። «ግን በሬው የታመመበት ገበሬ ነገ ነይ አይልሽም። ከሥራ ሰዓት ውጭም ይፈልግሻል።»

በሦስት ቀን ሻይ ቤት ተቀምጦ የሕይወትን ነገር መወሰን ልክ አይመስለኝም ነበር፤ ነገርኳትም። «አንተ በስንት ቀን ወሰንክ?» አለችኝ። መነጽር ያደረገው ልጅ አልጋዬ ላይ የተቀመጠው ለአሥር ደቂቃ ያህል ነበር። የእንስሳት ሕክምና ስድስት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ኮስት ሼሪንጉም የስድስት ዓመት እንደሚሆን አስጠነቀቅኋት። «ውሉን አንብቤዋለሁ» አለች። በዘሬ ውል ያነበበ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

አባቴ ሲሰሙ «ሴት ልጅ በሬ ልታክም?» አሉ።

«በሬው ምን ቸገረው?» አለች እናቴ፤ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

አሁን እህቴ አራተኛ ዓመት ላይ ናት። ወደፊት ሥራ ታገኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ያ ሻይ ቤት አንድ ቀን የእንስሳት ሐኪምም ያስቀምጥ ይሆናል። ያየሁትን ግን ልናገር። ባለፈው ዕረፍቷ፣ እኔም ከሆቴሉ ፈቃድ ወስጄ መርሳ እያለን፣ ከማሳችን አጠገብ ያሉ አንድ አዛውንት ገበሬ ላማቸው ምጥ ላይ ሆና ጥጃው አልወጣ አላቸው። ሐኪሙ ሌላ ቀበሌ ነበር። «ልጅሽ እስቲ ትየው» ብለው እናቴን ለመኗት። እህቴ ገና አልተመረቅሁም ብትልም ተነሥታ ሄደች። እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ጠቅልላ፣ ክንዷን በሳሙና ታጥባ ገባችበት። አስተማሪዋ በስልክ ያዛታል፤ ስልኩን ከጆሮዋ አጠገብ የያዝኩት እኔ ነኝ። አንዱ የፊት እግር ወደ ኋላ ታጥፎ ነበር። ፊቷ ቀልቶ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ብዙ ከቆየች በኋላ እግሩን አቃናችው፤ ከዚያ እኔም አባቴም ገብተን ሳብነው። ጥጃዋ መሬት ላይ ወድቃ ስታነጥስ አዛውንቱ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። አባቴ ክፍያ ሊያነሡ አፋቸውን ሲከፍቱ እህቴ በዓይኗ ከለከለቻቸው። በማግሥቱ አዛውንቱ የላሟን እንገር ላኩልን፤ አባቴ ሁለት ጊዜ አስቀድተው ጠጡ።

እህቴ ሰኞ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ማክሰኞ ጠዋት አንድ የማላውቀው ሰው የምታስል አህያ እየነዳ ከሲሪንቃ በኩል መጥቶ በራችን ላይ ቆመ።

«ዶክተሯ አለች?»

«ትናንት ሄደች» አልኩት።

አህያዋን አየ፤ እኔን አየ። «አንተ ወንድሟ ነህ?»

«አዎ።»

«ዩኒቨርሲቲ ተምረሃል ይላሉ።»

«ተምሬያለሁ።»

«እንግዲያውስ» አለና ገመዱን አቀበለኝ።