ፊቴ ላይ ያደረግሁት ሽንሽን

ዛሬ ጎረቤቴ እማማ አስካለ ሊፍት ውስጥ ሲያዩኝ ግድግዳውን ያዙና «ማን ነው የሞተው? አትደብቂኝ» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ደስታዬን የምነግረው ሰው እየፈለግሁ ነበር።

ዊንተሩን ሙሉ ከሽመና ጓደኞቼ ጋር፣ የድሮ የአውሮፓ ሴቶች ፊታቸው ዙሪያ ሽንሽን ያለው የራስ መሸፈኛ እንዴት ይሠሩ እንደነበር ስንመራመር ከረምን። መቃብራቸው ላይ ያለውን ሐውልት በፎቶ እያየን ነው።

ሽንሽኑ ለካ በመርፌ አይሰፋም፤ አብሮ ነው የሚሸመነው። የመሃሉን ድር ወጥረሽ የጠርዙን ድር ታላዪዋለሽ፤ ጨርቁ ከሽመና ዕቃው ሲወርድ ጠርዙ በራሱ ይሸነሸናል።

ዛሬ ተሳካልኝ። ማን ያውልቀው? ለብሼው በሰብዌይ እስከ ሰፈሬ ክሬሰንት ታውን ድረስ መጣሁ። ቶሮንቶ ነው፣ ማንም ዞሮ አላየኝም።

የረሳሁት፣ እኛ ነጠላ አዘቅዝቀን ጥለቱን ወደ ፊታችን የምናመጣው ለሐዘን መሆኑን ነው። እማማ ደግሞ አገር ቤት የታመመ ወንድም አላቸው። መርዶ ይዤ የመጣሁ መሰላቸው።

«ኧረ እማማ፣ የእጄ ሥራ ነው። የፈረንጅ ነው።»

«እንግዲያው ለወንድሜ ደውዪለትና ድምፁን አሰሚኝ።»

ኮል አደረግሁ። ይጠራል፣ አይነሳም። እዚያ ሌሊት ነው፣ ተኝቶ ይሆናል አልኳቸው። «ቤት ገብተን እንደገና እንሞክር» አሉኝ።

አሁን ቤታቸው ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ልብሱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ለካ ዊንተሩን ሙሉ የሙታን ልብስ ስሠራ ነው የከረምኩት።

እናንተስ፣ በለበሳችሁት ልብስ ሰው አስደንግጣችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ ስልኩ እስኪነሳ ለእማማ አነብላቸዋለሁ።